ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሁለት ተኩል

አባይ ማዶ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣
ስልኬ መሪው ላይ ተደግፎ፣ ጆሮዬ ማዳመጫ ገብቶ፣
ሐሙስ ሐሙስ እዚህ አለሁ፤
ለበሩ አስር እርምጃ ሲቀረኝ፣ ከቤቴ ርቄ አለሁ።

ጎረቤቴ ስንዱ በመጋረጃ ጠርዝ ስታየኝ ሰነበተች፣
«ከባሏ ተኳርፋ ነው» ብላ ለመንደሩ አወራች።
አላስተባበልኩም። ኩርፊያማ ለሰው የሚገባ ነው፤
ሁሉ ሞልቶለት የሚጨነቅ ሰው ነው ግራ የሚያጋባው።

ቀን ላይ ቁጥር ነኝ፤ ብድር፣ ወለድ፣ ያልተዘጋ ሂሳብ፤
ማታ እናት ነኝ፤ የቤት ሥራ፣ ሳል፣ የነገን ምሳ ማሰብ።
በመሃል ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋ ልቤ ይዘላል፣
ስልክ ሲጠራ ልቤ ይዘላል፣
ሳይጠራ ሲቆይም «ለምን አልጠራም?» ይላል።

ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። «ልብሽ ደህና ነው» አሉኝ፣
ወረቀት ላይ የልቤን ተራራና ሸለቆ አሳዩኝ።
ጸበልም ጠጣሁ፤ አልዋሽም፣ ጠርሙሱ አሁንም አለ፣
በበሩ ኪስ፣ ከሊብሬው ጋር፣ ጉድጓድ በመታን ቁጥር እየዘለለ።

አማካሪዬ ሐዋሳ ናት። በአካል አልተገናኘንም።
የማውቃት እስከ ትከሻዋ ነው፤ እጇን አይቼ አላውቅም።
ኔትወርክ ሲይዛት፣ ዮዲት አፏን ከፍታ ትደርቃለች፣
«ይህ ስሜት ሲመጣ ሰውነትሽ ላይ የት —» ብላ ትቀራለች።
እኔም ያን ያልጨረሰችውን ጥያቄ ይዤ
ከምትዞረው ነጭ ክብ ጋር እጠብቃለሁ፣ ፈዝዤ።
አንዳንዴ መልሱ የሚመጣው መስመሩ ሲቋረጥ ነው።
የት? ደረቴ ሲመስለኝ ኖሮ፣
ለካ መንጋጋዬ ነው።

ዛሬ «አምስት ነገር ጥሪልኝ» አለች፣ «አሁን የምታዪውን።»
ሳቄ መጣ። ኦዲት ሠርታ የምታድር ሴት፣ እንደ ኬጂ ልጅ መቁጠሯን!
ግን ጀመርኩ።
አንድ፣ መስታወቱ ላይ የወፍ ኩስ። ሁለት፣ የዘምባባው ጥላ።
ሦስት፣ የልጄ አንድ እግር ካልሲ፣ ወንበር ሥር ተጠቅልላ።
አራት፣ ከድልድዩ የሚመጣ ሲኖትራክ፣ መብራቱ አጥር ላይ ሲሰበር።
አምስት...
አምስት አጣሁ። ጨለማ ነበር።

መስኮቱ ተንኳኳ።
ጋሽ አንለይ ነው፣ የሰፈሩ ዘበኛ። ስድስት ሐሙስ አይቶ፣ ዝም ብሎ፣
በሰባተኛው መጣ፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ አንጠልጥሎ።
«ጎማ ነው?»
አዎ ልል ነበር። ጎማ ማለት እንዴት ይቀላል!
ጎማ ይተነፍሳል፣ ይለጠፋል፣ ይነፋል።
«አይደለም ጋሽዬ፤ ከሐኪም ጋር ነኝ።»
«የምን?»
«የጭንቀት።»
ቃሉ ወጥቶ መሃላችን ቆመ፣ እንደ ሦስተኛ ሰው፣
ቁጭ በል የሚለው አጥቶ፣ ብርድ እንደመታው።

ዱላውን አጥር ላይ አስደገፈ። ጎንበስ ብሎ ስልኩን አየ፣
ኔትወርክ ዳግም ባደረቃት ሴት ፊት ላይ ዓይኑ ቆየ።
«እኔስ» አለ፣ «ከሌሊቱ ዘጠኝ ገደማ ነው የሚነሳብኝ፤
ሌባ የለ፣ ጅብ የለ፤ ተቀምጬ የሚያስሮጠኝ።
ጥበቃ አይደል ሥራዬ? ይኼንንም ልጠብቅ ብዬ፣
አስራ አንድ ዓመት አደርኩ፣ ጋቢዬ ውስጥ እንደ ልጅ አዝዬ።»

«አለሽ? ይሰማል?» አለች ዮዲት። «አምስተኛውን አገኘሽ?»
«ክሪክ» አልኩ።
«ምን?»
ከሐዋሳ ሳቋ ተቆራርጦ መጣ።
ጋሽ አንለይ ሊሄድ ዞረና፣ ሳይሄድ፣ መቀመጫ ድንጋይ አመጣ።

አስራ አራት ደቂቃ ቀርቶናል። የሳሎኑ መብራት ጠፍቷል፤
ከሐይቁ በኩል የእርጥብ ደንገል ሽታ በመስኮቱ ይገባል።
አንዱን ማዳመጫ ነቅዬ ሰጠሁት።
በየት በኩል እንደሚገባ አላወቀም፤ አሳየሁት።
«ጤና ይስጥልኝ!» አለ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኾ።
የስንዱ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ።
ዮዲት አፏን እንደከፈተች ደርቃለች፣
ነጩ ክብ ይዞራል፣
እኛም፣ እሱ ከድንጋዩ፣ እኔ ከመሪው፣ በአንድ ገመድ ታስረን፣
እንጠብቃለን።